ስም የማይሰረዝበት መዝገብ

አስቴር ኦይታ ሰኞን ትወድ ነበር። ሰው ሁሉ ሰኞ ሲመጣ ፊቱን ያጠቁራል፤ እሷ ግን ሰኞ ጠዋት ከቤት ስትወጣ እርምጃዋ ራሱ ሌላ ነው። ሰኞ የእሷ ቀን ነዋ። ሲቀላ በሚባለው ሠፈር፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለው የፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን ቢሮ አንድ ኮምፒውተርና መንገድ የሚያይ አንድ መስኮት ተሰጥቷታል። እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ የባጃጅ ጡሩምባ ጆሮዋን እየበጠሰው፣ የሳምንቱን ወሬ በአንድ ገጽ ትጽፋለች፤ የትኛው ቀበሌ ሙዝ እንደደረሰ፣ ማንጎው መቼ እንደሚለቀም፣ መኪናው በየትኛው ቀን እንደሚነሳ። ከዚያ አዲስ አበባና ሐዋሳ ላሉ ሆቴሎች፣ ጭማቂ ቤቶችና ሱፐርማርኬቶች በኢሜይል ትበትነዋለች። ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት አድራሻ፣ በአንድ ጠቅታ። ስሙንም «የሰኞ ደብዳቤ» ብላዋለች።

ይህ ሥራ ከሰማይ አልወረደላትም። አባቷ አቶ ኦይታ የምዕራብ ዓባያ ማንጎ ገበሬ ናቸው፤ እሷም ያደገችው አባቷ ደላላ ሲለማመጡ እያየች ነው። ማንጎ የለቀሙት ቀን ንጉሥ ነው፣ በሳምንቱ የዝንብ ሲሳይ ነው። ደላላው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ስለዚህ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ውሃ ቀርቦለት፣ ሳምንቷ እስክታልቅ ይጠብቃል። አስቴር ትምህርቷን ጨርሳ ዩኒየኑ ውስጥ ስትቀጠር ከሁሉ በፊት ያነሳችው ጥያቄ፣ ለገዢዎቹ ለምን ራሳችን አንነግራቸውም የሚል ነበር። የቦርዱ ሰዎች ሳቁባት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብላ ደጋግማ ተናገረች፤ ኋላ ላይ ሲሰለቻቸው ይሁን አሏት። ሁለት ዓመት ሠራ። መልስ ይመጣል፣ ትእዛዝ ይመጣል፣ መኪና ይመጣል፤ ደላሎቹም ሌላ ጥላ ፈለጉ።

በ2006 ዓ.ም. ከገና በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። በጥር አሥር ሰው መለሰ። በየካቲት አራት። በመጋቢት አንድ ሰው ብቻ መለሰ፣ እሱም የፎቶ ኮፒ ማሽን ልሽጥላችሁ የሚል ነበር። አስቴር የባሰ ተጋች። ፊደሉን አተለቀችው፣ ቀይ ቀለም ቀባችው፣ የማንጎ ፎቶ በላይ በላዩ ጨመረችበት። ርእሱን «አስቸኳይ!!! ይህ የማንጎ ዕድል እንዳያመልጥዎ!!!» አለችው። በሳምንት አንዴ የነበረውን ሁለቴ አደረገችው። እሷ በጮኸች ቁጥር ወዲያ ማዶ ያለው ዝምታ ይብስበት ጀመር።

በሚያዝያ መጨረሻ ቦርዱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ራቅ ካለው ከካምባ ናቸው፤ በወር አንዴ ይመጣሉ፣ ተናግረው ይሄዳሉ። ስብሰባው ሲበተን ወደ ቢሮ የተመለሱት የዩኒየኑ ጸሐፊ ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ብቻ ነበሩ፤ በእጃቸው አንድ ፖስታ ይዘዋል። ፖስታውን መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ ከዚያ ዓይኗን ሳያዩ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ትእዛዝ ካልመጣ የደብዳቤው ሥራ ይዘጋል አሏት። ሥራው ከተዘጋ እሷ ትሰናበታለች፣ ማንጎውም ወደ ደላላው ይመለሳል ማለት ነው። አስቴር እሺ አለች። እሺ ብላ ወጣችና መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ስለ ጋሽ ገብሬ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው ሁሉ ሲያሳጥራቸው ጋሽ ገብሬ ነው የሚላቸው። የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው ናቸው። የዩኒየኑ ጸሐፊ ከመሆናቸው በፊትም፣ ከሆኑም ወዲህ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠፈራቸው ዕድር ጸሐፊ ናቸው፤ በዚህም ከማንኛውም ሹመት በላይ ይኮራሉ። የገዢዎቹን ስምና አድራሻ አረንጓዴ ጨርቅ በተለበጠ ትልቅ መዝገብ ላይ በእጃቸው ጽፈው ይዘዋል። ኮምፒውተሩን አያምኑትም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ መዝገብ ምን መዝገብ ነው ይላሉ። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ አስቴር ደብዳቤውን ከመላኳ በፊት የአድራሻውን ዝርዝር አትማ ትሰጣቸዋለች። እሳቸውም መነጽራቸውን ሰክተው፣ ማስመሪያ ይዘው፣ ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራሉ። ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንቱ ሳይሞላ ደብዳቤ አይሄድም።

ታዲያ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንዳንድ ሰዎች «ከዝርዝራችሁ አውጡኝ» እያሉ ይጽፉ ነበር። እስከ ሚያዝያ አርባ አንድ ደርሰዋል። ሌላ ቦታ ቢሆን ቀላል ነው፤ ልውጣ ያለ ይወጣል። ጋሽ ገብሬ ዘንድ ግን ቀላል አልነበረም። በዕድር መዝገብ ስሙ የሚሰረዝ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ የሞተ፣ ሌላው ጎረቤቱን በድሎ የተባረረ። በሕይወት ያለ ሰው ስም አይሰረዝም፣ ሟርት ነው ይላሉ፤ በቃ፣ ይግባኝ የለውም። ደግሞ አውጡኝ ያለ ሰው ቢከፋው ነው፤ የከፋው ሰው ይለመናል። በጋሞ ምድር የተጣላ ሳይታረቅ የመስቀል በዓል አይበላም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አውጡኝ ባይ የዕርቅ ደብዳቤ አስጻፉ፤ «ክቡር ሆይ፣ ምን በደልንዎ? ያጠፋነው ካለ በእግዚአብሔር ስም ይቅር ይበሉን፣ ከማኅበራችንም አይለዩን» የሚል። መልስ ካልመጣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ከዚያ ሦስተኛው። ኃይለመስቀል ለሚባል የአንድ ሆቴል ግዢ ሠራተኛ ሰባት ሄዶለታል። ሰባት! ልጅ ለመጠየቅ እንኳ ሽማግሌ የሚላከው ሦስት ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሰባቱንም የጻፈችው አስቴር ስትሆን፣ ነገሩን ከጨዋነት ቆጥራው ነበር።

ግንቦት በገባ በአምስተኛው ቀን ጭንቀቱ ሲያይልባት ኢሜይሉን ትታ ስልክ አነሳች። የደወለችው አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ጭማቂ ቤት ላላቸው ለወይዘሮ ልክነሽ ነው፤ ድሮ ደብዳቤው በሄደ በሰዓቱ የሚመልሱ ደንበኛ ነበሩ። ወይዘሮ ልክነሽ ድምፅዋን ሲሰሙ ደነገጡ። ከገና ወዲህ አንድም ደብዳቤ ስላልደረሳቸው ዩኒየኑ የፈረሰ መስሏቸው ኖሯል። አስቴር በሳምንት ሁለት ጊዜ ስትልክ እንደነበር ማለችላቸው። እስቲ ቆይ አሉና በስልኩ ውስጥ የኮምፒውተራቸው ጠቅ ጠቅ ይሰማ ጀመር። ከዚያ ሳቁ።

«አስቱዬ፣ ደብዳቤዎችሽ እዚህ ናቸው። እስፓም የሚባለው ውስጥ፣ ሎተሪ ደርሶሃል ከሚሉት ሌቦች ጋር ታጉረው።»

አስቴር ስልኩን ዘጋች። እፍረቱ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት። የእሷን ደብዳቤ፣ ያን ሁሉ ተጨንቃ የምትጽፈውን፣ ከሌባ ጋር! ግን ደግሞ ከእፍረቱ ሥር አንድ ቀለል ያለ ነገር ተሰማት። ሰዎቹ አልጠሏትም፤ አላገኟትም። ስም ያገኘ ሕመም ግማሹ ድኗል ይባላል፤ እሷም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ መናኸሪያው ወረደች።

መናኸሪያው አጠገብ ሲላስ የኢንተርኔት ቤት አለው። ከአስቴር ጋር በአንድ መዘምራን ውስጥ አብረው አድገዋል፤ ስለዚህ አይራራላትም። የምትልከውን ደብዳቤ አየ፣ ርእሱን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ለኃይለመስቀል የተላኩትን ሰባት የዕርቅ ደብዳቤዎች ሲያይ ግን ጭንቅላቱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሲነሳ ዓይኑ በሳቅ እንባ ሞልቷል።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እናንተ ናችሁ» አላት።

ከሳቁ ሲመለስ አስረዳት። ሰው አውጡኝ ብሎ እንቢ ሲባል ምን ያደርጋል? ኢሜይሉ ላይ፣ ይህ መልእክት አይፈለጌ ነው የምትል ምልክት አለች፤ እሷን ይጫናል። የኢሜይል ድርጅቶቹ ደግሞ ስንት ሰው እንደተጫነ ይቆጥራሉ። ከሺህ ጥቂት ሰው ሲከስሽ ነው የሚጠረጥሩሽ፣ አንቺ ግን ከመቶ ስድስት ሰው አስመርረሻል አላት። ከዚያ ወዲያ ደጅ ላይ ያለው ዘበኛ አንቺን ሲያይ በሩን ይዘጋል፤ ውስጥ ያለው ወዳጅሽ መምጣትሽን እንኳ አይሰማም።

«ለማይፈልግሽ ስለላክሽ የሚፈልግሽም አያገኝሽም። ነገሩ ይኸው ነው።»

ሌላውም ኃጢአቷ ተራ በተራ ወጣ። ለአንድ ሰው መጻጻፊያ በተሠራ ነፃ አድራሻ ለስድስት መቶ ሰው በአንዴ ትልካለች። ደብዳቤው ላኪው ማን እንደሆነ የሚመሰክርለት መታወቂያ የለውም። ከአድራሻዎቹ ስንቶቹ ከተዘጉ ቆይተዋል፤ በየሳምንቱ ተመላሽ ይመጣባታል፣ እሷ ግን መልሳ ትልካለች። ያ ሁሉ አስቸኳይና ያ ሁሉ ቀይ ቀለም ደግሞ ለዘበኛው የሌባ ምልክት ነው። ሲላስ የዩኒየኑን የራሱን አድራሻ ሊያወጣላት፣ ደብዳቤ በብዛት በሚልክ ድርጅት በኩል ሊያስመዘግባትና ላኪው እውነትም ዩኒየኑ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ሁሉ ሊሞላላት ተስማማ። ከገጹ ግርጌም፣ መቅረት የፈለገ በአንድ ጠቅታ የሚቀርባት መስመር ትገባለች። ከዚያ እንደ አዲስ ሙሽራ ቀስ ብለሽ ግቢ አላት፤ መጀመሪያ ለሚወዱሽ ሃምሳ ሰዎች፣ እነሱ ከፍተው ሲያነቡና ሲመልሱልሽ ለመቶ፣ እንዲያ እንዲያ እያልሽ። አንዱን ግን ሲላስ ሊሠራላት አይችልም። አርባ አንዱ ካልወጡ አዲሱም አድራሻ በሳምንቱ ይቆሽሻል።

የተዘጉትን ስድሳ ሁለት አድራሻዎች ጋሽ ገብሬ ሳያንገራግሩ ሰረዙ። የሞተ የሞተ ነው፣ ነፍስ ይማር አሉ። አርባ አንዱ ላይ ሲደርሱ ግን ብዕራቸውን ክዳኑ ውስጥ መልሰው ከተቱ። አስቴር ሁለት ቀን ለመነቻቸው። ስለ ዘበኛው ነገረቻቸው፣ ስለ ማንጎው ነገረቻቸው፣ ግንቦት እያለቀ ነው አለቻቸው። እሳቸውም በትዕግሥት ሰምተው፣ እንዲያውም ለኃይለመስቀል ስምንተኛ እንጻፍለት አሉ።

ሐሙስ ዕለት ክፉ ሐሳብ መጣባት። ሁለት ዝርዝር ብታዘጋጅስ? ሙሉውን ለጋሽ ገብሬ አትማ ትሰጣለች፣ የተቀነሰውን ትልካለች፤ እሳቸው የት ያዩታል? ዝርዝሩን አዘጋጅታ፣ ስም ሰጥታ፣ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀና ስትል ጋሽ ገብሬ በማስመሪያቸው ጫፍ የመዝገቡን የተቀደደ ገጽ በጥንቃቄ እያጣበቁ ነበር። አልሆነላትም። እኚህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገሯትም። ዝርዝሩን አጥፍታ ሆድ ይፍጀው አለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሚኒባስ ይዛ ምዕራብ ዓባያ ወደ አባቷ ሄደች። የማንጎው ቅርንጫፍ መሬት ሊነካ ደርሷል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ይለቀማል። ከዛፎቹ በአንዱ ጥላ ሥር ደላላው ከወዲሁ ተቀምጧል። ውሃም ቀርቦለታል። አባቷ ስለ ሥራዋ ምንም አልጠየቋትም፤ ደብዳቤሽ ደህና ነው ወይ አሏት እንጂ፣ ስለ ቤተ ዘመድ እንደሚጠይቁ። ትንሽ አሞት ነበር አለች። ይሻለዋል አሉና ወደ ደላላው ዞር ብለው አዩ። አስቴር ያን አስተያየታቸውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው አቶ ደበሌ ሽኝት ነበራቸውና አብራ ሄደች። አቶ ደበሌ ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ጓዛቸውን ጠቅልለዋል። የዕድሩ ሰው ግቢውን ሞልቶታል፤ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መረቋቸው። ምርቃቱ ሲያበቃ የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን አወጣና ወደ መጨረሻው ገጽ ገልጦ ጻፈ። አስቴር ከትከሻው በላይ አንገቷን አሰግጋ አየች። «አቶ ደበሌ፣ በሰላም ተሸኝተዋል» ይላል። ከፊት ያለው ስማቸው ምንም አልሆነም፤ አልተሰረዘም። ለምን እንዳልሰረዘ ብትጠይቀው ሰውዬው ተገርሞ አያት። ምን አጠፉና ነው የሚሰረዙት አላት። ከእንግዲህ ለለቅሶም ለድግስም በራቸው አይንኳኳም፣ ተመልሰው ከመጡ ደግሞ ቦታቸው አለ፤ የሄደ ሰው እንዲህ ነው የሚደረገው።

አስቴር የቀረበላትን እንኳ ሳትቀምስ ተነሳች። የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጣት ትንሽ ነበር የቀረው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ገብሬ ገና ኮታቸውን ሳይሰቅሉ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሽ ገብሬ፣ የእርስዎ ዕድር ውስጥ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ሲኖር ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንሸኘዋለን ነዋ።»

«ስሙስ?»

«የኋላ ገጽ ላይ ተሸኝቷል ተብሎ ይጻፋል። ምን ነካሽ ዛሬ?»

«ከተሸኘ በኋላ ለለቅሶ ይጠሩታል?»

«ሐዋሳ ድረስ ሄጄ በር ላንኳኳ ነው እንዴ?»

«እኛ ግን እያንኳኳን ነው» አለች። «እነዚህ አርባ አንድ ሰዎች አልተጣሉንም፣ ጋሽ ገብሬ። ሄደዋል። ሸኙን ነው የሚሉት።»

ጋሽ ገብሬ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው ሰኩት፣ ደግመው አወለቁት። እንቢ ቢሉ ሌላ የምትለው አልነበራትም። በመጨረሻ ቁጭ አሉና፣ እስቲ ሰዎቹ የጻፉትን አንብቢልኝ አሏት።

ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። ከአርባ አንዱ ደብዳቤዎች አንዱንም እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አልነበረም። «አውጡኝ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ጋሽ ገብሬ ያዝናሉ፣ ወዲያው የዕርቁ ደብዳቤ ይጀመራል። አሁን አስቴር ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አነበበችላቸው። አንዱ ምግብ ቤቱን ዘግቷል። አንዷ ወልዳ ሥራ አቁማለች። አንዱ ፍራፍሬ ገዝቶ የማያውቅ የመድን ሠራተኛ ነው፤ ባዛር ላይ ካርዱን ስለሰጠ ብቻ መዝገብ ገብቷል። ኃይለመስቀልማ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤው፣ ሆቴሉን ለቅቄ ትምህርት ቤት ተቀጥሬያለሁ፣ ማንጎ የምገዛበት ሥራ ላይ አይደለሁም ብሎ በትሕትና ጽፎ ነበር። ከትሕትናው እስከ ሰባተኛው ደብዳቤ ድረስ ምን እንደቀረው እግዜር ይወቀው።

«ለካ አልተጣላንም» አሉ ጋሽ ገብሬ። ፊታቸው ላይ የነበረው የአንድ ዓመት ሐዘን ሲለቅ በዓይኗ አየችው።

አረንጓዴውን መዝገብ ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጡ። በማስመሪያ መስመር አሠመሩ፣ ርእስ ጻፉ፣ ከዚያ አርባ አንዱን ሰው በስማቸው፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው፣ በሰላም ተሸኝቷል፣ በሰላም ተሸኝታለች እያሉ አሰፈሩ። እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀባቸው፤ አስቴርም አላቸኮለቻቸውም። ከዚያ እሷ ለአርባ አንዱ የመጨረሻዋን ደብዳቤ ጻፈች፤ ሦስት መስመር ብቻ፣ ቀይ ቀለም የለ፣ አስቸኳይ የለ። ዘግይተን ስለሰማንዎ ይቅርታ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤ አንልክም፣ መንገድዎ የቀና ይሁን። እያንዳንዱን ለየብቻ ላከችው።

ማክሰኞ በአዲሱ አድራሻ ለሃምሳ ሰዎች ላከች። ርእሱ «የምዕራብ ዓባያ ማንጎ በሚቀጥለው ሳምንት ይለቀማል» ነበር፤ ሌላ ነገር የለውም። ከዚያ መጠበቅ መጣ። መጠበቅን የሚያውቅ ያውቀዋል። ረቡዕ መብራት ሄዶ ዋለ፤ እሷም የጠቆረውን መስታወት እያየች ዋለች። ሐሙስ ረፋድ ላይ መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተንገራግጮ ተነሳ፣ የመጣውም ደብዳቤ ከወይዘሮ ልክነሽ ነበር። በደህና ቤት ገባሽልኝ፣ ከሌቦቹ ወጣሽ፣ ማንጎውን ለሌላ እንዳትሰጪብኝ ይላል። ከሥሩ ሌላ አለ። ከዚያ ሥር ሌሎች አራት። አስቴር ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እፎይ፣ ጌታ ሆይ፣ እፎይ አለች።

ዓርብ ለመቶ ላከች፣ በተከታዩ ሰኞ ለሁለት መቶ። ያን ሰኞ ከኃይለመስቀል ደብዳቤ መጣ። አስቴር ስሙን ስታይ ስድብ ነው ብላ አንድ ዓይኗን ጨፍና ከፈተችው።

«ከስምንት ወር በኋላም ቢሆን ስለሰማችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። «በእኔ ቦታ ሆቴሉ የተካው ብሩክታዊት የምትባል ልጅ ነው። ጥሩ ማንጎ አጥታ እየተንገላታች ነው። አድራሻዋን ከታች ጽፌያለሁ፤ ግን አደራ፣ መጀመሪያ ጠይቋት።»

ጠየቋት። አስቴር ደውላ፣ የሰኞ ደብዳቤያችንን ብንልክልሽ ፈቃድሽ ነው ወይ ስትላት ብሩክታዊት ሳቀች፤ ላኩ እንጂ ምን ያስጠይቃል፣ እግረ መንገዳችሁንም አንድ መኪና ማንጎ ላኩልኝ አለች። ሆቴሉ አንድ ብቻ አልነበረም፤ አራት ቅርንጫፍ አለው። አስቴር ትእዛዙን ለአራቱም ጻፈች።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ደወሉ። ስልክ ላይ ብዙ መናገር አይወዱም።

«መኪናው መጣ» አሏት። «ደላላው ውሃውን ሳይጨርስ ሄደ።»

በተከታዩ ሰኞ፣ ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የቦርዱ ሰብሳቢ ከካምባ መጡ። በሩ ላይ ቆመው አስቴርን ወንበሯ ላይ ሲያዩ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ፤ ከእሷ ወደ ጋሽ ገብሬ፣ ከጋሽ ገብሬ ወደ እሷ አዩ። ጋሽ ገብሬ የትእዛዞቹን ክምር አቀረቡላቸው። ሰብሳቢው አገላበጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ማንጎው አልቆ እንደሆነ ጠየቁ። የቀረው ሙዝ ብቻ ነው ተባሉ። እንግዲያ ሥራው ይቀጥል ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። አስቴር ያ ቅንድብ ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም።

ሰብሳቢው ከሄዱ በኋላ ጋሽ ገብሬ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መሳቢያውን ከፈቱ። ያን ፖስታ አወጡና ሰጧት። ውስጡ በዩኒየኑ ማኅተም የተመታ ደብዳቤ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን ተጽፎ፣ ወይዘሪት አስቴር ኦይታ ከግንቦት 1 ቀን ጀምሮ ከሥራ እንዲሰናበቱ፣ ስማቸውም ከሠራተኞች መዝገብ ላይ እንዲሰረዝ ለጸሐፊው ያዛል። አስቴር ሁለቴ አነበበችው። ቀኑ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እስከ ግንቦት መጨረሻ ያሉኝስ?»

«እሱ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ገብሬ፣ አሁንም ዓይኗን ሳያዩ። «በሕይወት ያለ ሰው ስም አልሰርዝም አላልኩሽም?»

ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሁለቱም በአንዴ መጣባት። ያ አርባ አንድ ሰው ያስመረረ፣ ደብዳቤዋን ከሌባ ጋር ያሳጎረ ግትርነት፣ እሷን ደግሞ ወር ሙሉ ወንበሯ ላይ ደብቆ አቆይቷታል። ጋሽ ገብሬም ምስጋናው እንዳይመጣባቸው ፈጠን ብለው ደብዳቤውን ከእጇ ወሰዱ፣ አረንጓዴውን መዝገብ ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጡ፣ ከአርባ አንዱ ስሞች በታች አንድ መስመር አሠመሩና የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ጻፉ። ከጎኑም በሚያምር እጃቸው «በሰላም ተሸኝቷል» አሉት። ከዚያ ሰኞ ነውና ማስመሪያቸውን አንስተው የሳምንቱን ዝርዝር አምጪ አሏት።